«እንዴት አሰብሽው?»፦ ልጅ ከስህተቱ እየተማረ ለፈተና እንዲዘጋጅ የሚያግዝ አሠራር

አምና ጥር ላይ የልጄን ቦርሳ ላጥብ ብዬ ስገለብጠው አራት ቦታ የታጠፈ የሒሳብ ፈተና ወረቀት ከታች ወጣ። 11 ከ30። ያኔ 7ኛ ክፍል ነበረች። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩና አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ተናገርኳት። «ቀን ከሌት የምለፋው ለዚህ ነው?» አልኳት። እሷ አለቀሰች፣ እኔም ስገላበጥ አደርኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል አንድም ወረቀት ቤት አልገባም። ስጠይቃት «ገና አልታረመም» ትላለች፣ ሌላ ቀን «መምህሩ አልመለሱልንም» ትላለች።

የገባኝ ቆይቶ ነው። ያ ወረቀት ልጄ መንገዱ የት ጋ እንደጠፋባት ቁጭ አድርጎ ያሳይ ነበር። 19 ኤክስ ማለት 19 ቦታ ላይ «እዚህ ጋ እርዱኝ» ማለት ነው። እኔ ላይኛው ጥግ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አየሁና የቀረውን ሳላነበው አስደበቅኳት።

ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና ይጠብቃታል። እኔ መምህር አይደለሁም፣ ሐዋሳ ውስጥ ቀን ሥራ ውዬ ማታ ማታ ሁለት ልጆች የማስጠና ወላጅ ነኝ። ከአምና ጀምሮ እየሞከርን፣ የማይሠራውን እየተውን የያዝነውን አሠራር ነው የምነግራችሁ። የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነው። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ የታረሙ ወረቀቶች፣ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ማታ 20 ወይም 30 ደቂቃ። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ የእናንተም ጭምር።

1. መጀመሪያ ወረቀቱ ቤት ይግባ

ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ልጁ ወረቀቱን ከደበቀ የምታርሙት ነገር የላችሁም።

እኛ ቤት አንድ ደንብ አለ። ወረቀት በመጣበት ማታ ስለ ማርክ አይወራም። ማንም፣ አባትም አያትም፣ «ስንት አመጣሽ?» ብሎ አይጀምርም። የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ጥያቄ አስቸገረሽ?» ነው። «የጎረቤት ልጅ ስንት አመጣ?»፣ «ደረጃሽ ስንት ነው?» የሚባሉትም ቀርተዋል። ይህን ማለት ቀላል ነው፣ ማድረግ ግን ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ሁላችንም ፈርተናል። የ2014 እና የ2015 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተማሪ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ያን የሰማ ወላጅ ገና 5ኛ ክፍል ያለ ልጁ 6 ከ10 ሲያመጣ ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ድንጋጤያችን ግን ወደ ልጁ ሲተላለፍ ልጁ የሚማረው ሒሳብ አይደለም፣ መደበቅ ነው።

«ጎበዝ» የምትለውን ቃላችንንም እስቲ አስቡባት። ልጅ 10 ከ10 ሲያመጣ «ጎበዝ! ጭንቅላት ነው!» እንላለን። ሙለርና ድዌክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 5ኛ ክፍል ልጆችን በቡድን ከፈሉ። አንዱን ወገን «ብልህ ስለሆንክ ነው» ብለው አመሰገኑ፣ ሌላውን «ስለለፋህ ነው» ብለው። ከዚያ ከበድ ያለ ጥያቄ ሰጥተው ሁሉንም አስቸገሯቸው። «ብልህ» የተባሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ ቀጥሎ የሠሩትም ከመጀመሪያው ወረደ። እኔን በጣም የነካኝ ሌላው ነው፤ ውጤታችሁን ለሌላ ልጅ ጻፉ ሲባሉ ከፍ አድርገው የዋሹት ከእነዚህ ውስጥ ይበዙ ነበር። ጎበዝ ተብሎ ያደገ ልጅ ጎበዝ የማያስብለውን ወረቀት ቦርሳው ሥር ቢያስገባው ምን ይገርማል?

ስለዚህ «ጎበዝ»ን አልተውናትም፣ ቦታዋን ቀየርናት። «ጎበዝ፣ ያልገባሽን ራስሽ አውጥተሽ አሳየሽኝ» እንላለን።

አንዳንድ ቦታ መምህር የሁሉንም ውጤት ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ያነባል። የእኔም ልጅ ደርሶባታል። ሄጄ በአክብሮት አነጋገርኩ፣ ቀረ። ሂዱና ተነጋገሩ፣ መምህራኑም ብዙ ጊዜ ያንን የሚያደርጉት ለማነሣሣት ብለው ነው።

2. ወረቀቶቹን ሰብስቡ

ቴስቱን፣ ሚዱን፣ ወርክሺቱን፣ የክፍል ሥራውን፣ የታረመ ነገር ሁሉ በአንድ ክላሰር ውስጥ አስገቡ። ፋይናል ወረቀት የማይመልስ ትምህርት ቤት ካለ ቢያንስ ልጁ አይቶት እንዲመለስ ጠይቁ። ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ትምህርት ቤቶች አካባቢ ካሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች አይጠፉም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ መልሱ አብሮ የታተመ ከሆነ የመልሱን ገጽ ገንጥላችሁ እናንተ ጋ አስቀምጡት።

3. ስህተቱን በዓይነቱ ለዩት

እኔን በጣም የቀየረኝ ይህ ነው። አምና ያንን 11 ከ30 ወረቀት ከወራት በኋላ እንደገና አውጥተን ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። እስከዚያ ድረስ «ልጄ ሒሳብ አይገባትም» ነበር የምለው። 19ኙን ስህተት አንድ በአንድ ስናይ ጭራሽ ያልተማረችው ወይም ያላወቀችው 4 ብቻ ነበር። 7ቱ የምታውቀው የመሰላት ግን በተሳሳተ መንገድ የያዘችው ነው። 5ቱ በችኮላ የሄዱ። 3ቱ ደግሞ ሒሳቡን ሳይሆን ጥያቄው የተጻፈበትን እንግሊዝኛ ስላልተረዳችው። እንግዲህ ለእነዚህ አራት ነገሮች መድኃኒቱ አንድ ሊሆን አይችልም። እኔ ግን ለሁሉም «አጥኚ!» ነበር የምላት።

እንዲህ አድርጉ። ልጁ ራሱ፣ እናንተ ሳትሆኑ፣ ከእያንዳንዱ ኤክስ አጠገብ አንድ ፊደል ይጻፍ።

«አ» ማለት አላውቀውም። አልተማርነውም፣ ወይም የዚያን ቀን ቀርቼ ነበር፣ ወይም ረስቼዋለሁ።

«ተ» ማለት ተሳስቶ ነው የገባኝ። ልክ ነኝ ብዬ ነበር።

«ቸ» ማለት ቸኮልኩ። አሁን ሳየው ራሴ አውቀዋለሁ።

«ጥ» ማለት ጥያቄው አልገባኝም። ቃሉ፣ ቋንቋው፣ ወይም ምን አድርግ እንደሚለኝ።

ልጆች መጀመሪያ ላይ ሁሉንም «ቸ» ነው የሚሉት። «አውቀዋለሁ እኮ፣ ቸኩዬ ነው!» ማለት ያላወቁትን ከማመን ይቀልላቸዋል። አትከራከሯቸው። ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይራችሁ ባዶ ወረቀት ላይ ስጧቸው። ከሠሩት እውነትም «ቸ» ነው። እንደገና እዚያው ጋ ከወደቁ «ተ» ነው፣ ራሳቸውም ያዩታል።

4. መልሱን ከመናገራችሁ በፊት «እንዴት አሰብሽው?» በሉ

የምታውቁት ጥያቄ ሲሆን መልሱን አለመናገር እጅግ ይከብዳል። አፍ ያሳክካል። ግን ያዙት። ልጅ ዝም ብሎ አይሳሳትም፣ ከስህተቱ ጀርባ ብዙ ጊዜ የራሱ የሆነ ሕግ አለ። ሕጉን ሳታገኙ መልሱን ብትነግሩት መልሱን ይጽፍና ሕጉን ይዞ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ፈተና ያው ሕግ ይመልሰዋል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ልጄ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብላ ነበር። እንዴት አሰብሽው ስላት «ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመርኩ» አለች። ማባዛት ላይ የተማረችውን ወደ መደመር አምጥታዋለች። ተሳስተሻል አላልኳትም። ማዕድ ቤት ሄደን አንድ እንጀራ አመጣን። ግማሹን ቆረጥን። ሌላ እንጀራ ሲሶውን ቆረጥን። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አደረግን። «አሁን ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?» «ይበልጣል።» «2/5ስ?» ትንሽ አሰበችና «ከግማሽ ያንሳል… እንዴ! ጨምሬበት እንዴት ያንሳል?» አለች። ያን ጊዜ ነው 3/6 እና 2/6 ብለን 5/6 ያገኘነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍልፋይ መልስ ስታገኝ «ይበልጣል ያንሳል» ብላ ራሷ ታያለች።

ሌላ። −3 − 5 ስንት ነው ቢባል ብዙ ልጆች 8 ይላሉ። ለምን? «ሁለት ኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቃል ይዘዋል፣ እሱ የማባዛት ሕግ መሆኑን ግን ረስተዋል። ከሱቅ 3 ብር ዱቤ ወስደሽ ነገ ደግሞ 5 ብር ብትወስጂ ዕዳሽ ስንት ነው በሏት። የ8 ብር ባለዕዳ ናት እንጂ 8 ብር ኪሷ አልገባም። 8 + 2 × 5 = 50 የሚሉትም እንዲሁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ ጽሑፍ ነው የሚሄዱት፤ ማባዛቱ ስለሚቀድም ግን 18 ነው። መቶኛ ላይ ደግሞ ይቺን ሞክሩ፦ 500 ብር የነበረ ጫማ 20 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ፣ አሁን ስንት ነው? ሁሉም «500!» ይላል። 600 ገብቶ 480 ነው የሚወርደው፣ ምክንያቱም ሁለተኛው 20 በመቶ የ600 ነው።

ሒሳብ ብቻ አይምሰላችሁ። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስንት ይሆናል የሚል ጥያቄ ላይ 1895 ብላ ኤክስ ሆነባት። «7 ዓመት ነው የሚጨመረው ተብለናል» አለች። እውነቷን ነው፣ ግማሹን ነው የያዘችው። ከመስከረም 1 ጀምሮ የእነሱ አዲስ ዓመት እስኪገባ፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ማለት ነው፣ ልዩነቱ 7 ነው። ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። የካቲት ከዚያ በኋላ ስለሆነ 1896።

ደስ ያለኝን አንድ ልጨምር። ሳይንስ ላይ «መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ውሃው ጨዋማ ነው» የሚለውን «እውነት» ብላ ነበር የመለሰችው። እሑድ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ስንሄድ ዳር ቆመን ጠየቅኳት። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደዚህ ይገባል። የሚወጣ ወንዝ ግን አይታይም። ታዲያ ይሄ ሐይቅ እንደ ሻላና አቢጃታ ጨዋማ ነው? ጨዋማ አለመሆኑን ታውቃለች። ዝም አለች፣ ከዚያ «ሁልጊዜ አይደለም ማለት ነው» አለች። «ሁልጊዜ» የምትለዋን ቃል እንድትጠራጠር ከዚያ ቀን የበለጠ ያስተማራት የለም። ከተማችን ውስጥ ያለውን ተጠቀሙበት፣ ልጅ በእግሩ ሄዶ ያየውን አይረሳም።

አንድ ነገር ደግሞ ሞክሩ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት «ምን ያህል እርግጠኛ ነሽ፣ ከ1 እስከ 5?» በሏት። 5 ብላ የተሳሳተችው ከሁሉ የከበረ ስህተት ነው። በተርፊልድና ሜትካፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ሰው በጣም እርግጠኛ ሆኖ የተሳሳተውን ትክክለኛው ከተነገረው ሲጠራጠር ከተሳሳተው ይልቅ በተሻለ ያርመዋል። ድንጋጤው ነው የሚያስታውሰው። ስለዚህ ልጃችሁ በሙሉ ልቡ ተሳስቶ ዓይኑ ሲፈጥ አትናደዱ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ናችሁ።

5. የስህተት ደብተር

ለእያንዳንዱ «ተ» እና «አ» ስህተት ግማሽ ገጽ ይበቃል። «ቸ»ዎቹን እዚህ አታስገቡ፣ እነሱን በኋላ እንመጣባቸዋለን።

ልጁ በራሱ እጅ፣ በራሱ አባባል እንዲህ ይጽፋል፦ ጥያቄው። እኔ የመለስኩት። ለምን እንደዚያ አሰብኩ። ልክ የሆነው እንዴት ይሠራል። ከታች ደግሞ ራሱ የፈጠረው አንድ ተመሳሳይ ጥያቄ፣ መልሱ ከገጹ ጀርባ።

የተሳሳተው በአንድ ቀለም፣ ልኩ በሌላ ቀለም። ቀይን ተዉት፣ ትምህርት ቤት ይበቃዋል። እኛ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው የምንጠቀመው።

ላጲስ አይገባም። ልጆች የተሳሳቱትን ማጥፋት፣ ገጹን መቅደድ፣ እንደ አዲስ አሳምረው መገልበጥ ይወዳሉ፤ እኛም «ደብተርሽ ንጹሕ ይሁን» እያልን ነው ያሳደግናቸው። ይህ ደብተር ግን የቆሸሸ ይሁን። ስህተቱ ከጠፋ «ለምን እንደዚያ አሰብኩ» የምትለዋ መስመር ትርጉም ታጣለች፣ ያቺ መስመር ደግሞ የደብተሩ ነፍስ ናት። ልጄ አንድ ገጽ ላይ «ደረጃ 1 የምትወጣው ልጅ እንዲህ ስትል ስለሰማሁ» ብላ ጽፋለች። ያንን ባትጽፈው እንዴት አውቅ ነበር?

አስተውሉ፣ በአንድ ማታ ከሦስት ስህተት በላይ አትሥሩ። እኔ መጀመሪያ 19ኙን በአንድ ጀንበር ልጨርስ ብዬ ልጅቷ ደብተሩን ማየት እስክትጠላ ድረስ አሰለቸኋት።

6. ከድኖ መጠየቅ

ብዙ ልጅ የሚያጠናው በማንበብ ነው። ገጹን ሦስቴ አራቴ ያነበዋል፣ ዓይኑ ስለለመደው ያወቀው ይመስለዋል፣ ፈተናው ላይ ሲደርስ ውሃ በወንፊት ይሆንበታል። ሮዲገርና ካርፒኬ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ገሚሱ ደግሞ አነበበው፣ ገሚሱ ወረቀቱን ከድኖ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከ2 ቀንና ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ከድነው የጻፉት በለጡ። ፈተና ደግሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

ስለዚህ የስህተት ደብተሩም አይነበብም፣ ይጠየቃል። ጥያቄው ብቻ ይታይ፣ የቀረው በእጅ ወይም በወረቀት ይከደን፣ ልጁ ባዶ ወረቀት ላይ ይሥራው። በስንት ቀን? እኛ ከ2 ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምናደርገው። ገጹ ጥግ ላይ ቀኑን እንጽፋለን። ሦስቱንም ጊዜ ካገኘችው ገጹ ላይ ራይት ይደረግበታል፣ ያ ገጽ አለቀ። ከወደቀች እንደገና ከ2 ቀን ይጀምራል። መውደቋ አያሳዝን፣ ትንሽ ረስቶ መልሶ መፈለግ ነው የሚያጸናው።

ሌላው፣ አቀላቅሉት። ክፍልፋይ ብቻ አሥር ጥያቄ ከተሠራ ልጁ ከሦስተኛው በኋላ ማሰቡን ያቆማል። አንድ ክፍልፋይ፣ አንድ የዘመን አቆጣጠር፣ አንድ ሳይንስ። ፈተናው ላይ «ይሄ የትኛው ሕግ ነው?» ብሎ የሚመርጠው ልጁ ራሱ ነውና እዚህም ይልመድ።

7. የችኮላ ስህተት

«ተረጋጊ፣ በደንብ አንብቢ» ማለት ጥቅም የለውም፣ ሁላችንም ሞክረነዋል። ለእጁ የሚሠራው ነገር ስጡት።

«ከሚከተሉት ውስጥ … ያልሆነው የቱ ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች ስንቱን ልጅ ጥለዋል! ልጁ «ያልሆነው»ን ዘሎ መጀመሪያ ያገኘውን ትክክለኛ ነገር ያከብበዋል። «ያልሆነው»፣ «የማይገባው»፣ «በስተቀር» የሚሉ ቃላትን ባየ ቁጥር በእርሳስ ያስምርባቸው፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ምርጫ ጎን «ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ይጻፍ። ቁጥር ላይ መለኪያውን ያክብብ፣ ሜትር ነው ሴንቲሜትር? መልስ ካገኘ በኋላ «ይሄ ይሆናል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የአንድ ክፍል ርዝመት 400 ሜትር ከወጣ የሆነ ቦታ ነጥብ ጠፍቷል።

የሚጠቆር መልስ ወረቀት ላይ ደግሞ አንድ ከባድ አደጋ አለ። ልጁ 12ኛውን ጥያቄ ልመለስበት ብሎ ይዘለዋል፣ የ13ን መልስ 12 ላይ ያጠቁረዋል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሁሉም ይዛነፋል። ቤት ውስጥ መስመር አስምራችሁ ክብ ክብ ሥሩና አለማምዱት። የጥያቄውን ቁጥር በከንፈሩ እየጠራ ያጥቁር፣ በየ5 ጥያቄው ቆም ብሎ ቁጥሩ መግጠሙን ይይ።

ጥያቄው ስላልገባው የሚሳሳትበትስ? ከደብተሩ ኋላ የቃላት ገጽ ክፈቱ። «ሲምፕሊፋይ» ሲል ምን አድርግ ነው፣ «ኢቫሉዌት» ሲልስ? ልጄ ሦስቱን የእንግሊዝኛ ስህተቶቿን ያጠፋችው እንዲህ ባለ አንድ ገጽ ነው።

8. ትምህርቱን እናንተም ካላወቃችሁት

ብዙ ወላጅ እዚህ ጋ ነው የሚተወው። «እኔ እስከ 6ኛ ነው የተማርኩት፣ ምን ብዬ አስጠናለሁ?» ይላል። እኔም የ8ኛ ክፍል ፊዚክስ ከጠፋኝ ቆይቷል። ግን «እንዴት አሰብሽው?» ለማለት ፊዚክስ ማወቅ አያስፈልግም። «አስተምሪኝ» በሏት። ስታስረዳችሁ የሆነ ቦታ ትደናቀፋለች፣ «እ… ከዚያ… በቃ እንደዚህ ነው» የምትልበት ቦታ ላይ። ያንን ቦታ በደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉበትና ነገ ለመምህሯ ይዛው ትሂድ። «ምንም አልገባኝም» ብሎ ከሚመጣ ተማሪ ይልቅ «እስከዚህ ገብቶኛል፣ ከዚህ ወዲያ ጠፋኝ» የሚልን መምህር ደስ ብሎት ነው የሚያስረዳው። አያቶች ለዚህ በጣም ጥሩ ናቸው። እናቴ ፊደል ብቻ ነው የቆጠረችው፤ ልጄ ግን ከማንም በላይ የምታስረዳው ለእሷ ነው፣ ምክንያቱም እናቴ «አልገባኝም ልጄ፣ ድገሚልኝ» ለማለት አታፍርም።

አስጠኚ የቀጠራችሁ ከሆነም ደብተሩን አሳዩት። ብዙ አስጠኚ ከምዕራፍ አንድ ነው የሚጀምረው። የልጁ ችግር ያለበትን ገጽ ካሳያችሁት ጊዜውም ገንዘባችሁም ይተርፋል።

9. ፈተናው ሲቃረብ

አንድ ወር ሲቀር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የቤት ፈተና አድርጉ። ያለፈ ዓመት ጥያቄ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ስልክ የለ፣ ቲቪ የለ፣ ታናሹ ወንድምም ውጭ። ከዚያ ማረም፣ ፊደል መጻፍ፣ የወጣውን «ተ» ደብተሩ ላይ ማስፈር። ማርኩን አትመዝግቡ። የፊደሎቹን ብዛት መዝግቡ፤ «ተ»ዎቹ ከሳምንት ሳምንት ሲቀንሱ ልጁ ራሱ ያየዋል። የእኔዋ ከ7 ወደ 2 ስትወርድ ማቀዝቀዣው ላይ ራሷ ለጠፈችው። ከሰዓት በኋላ አጥኚ አትበሏት። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳችሁ የዓሣ ሾርባ ጠጡ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

ሳምንት ሲቀር አዲስ ነገር አይጀመርም። ራይት ያልተደረገባቸው የደብተሩ ገጾች ብቻ እየተከደኑ ይጠየቁ።

የዋዜማው ዕለት ማታ 12 ሰዓት ላይ ደብተሩ ይዘጋ። እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ መታወቂያ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። 3 ሰዓት ላይ መኝታ። ጠዋት ቁርስ አብልታችሁ ሸኟት፣ ባጃጅ ውስጥ ቀመር አትጠይቋት።

ስትወጣ «14ኛውን ምን ብለሽ መለስሽ?» አትበሉ። ነገ ሌላ ፈተና አለባት። ምሳ ትብላ። የተጠራጠረችውን ጥያቄ ራሷ ካነሣች «ጻፊያትና አስቀምጫት» በሏት፣ የመጨረሻው ፈተና ካለቀ በኋላ አብራችሁ ታዩታላችሁ።